የተሰረቀ ሥዕልና መርማሪ ልጆች፦ ለልጃችሁ የትኛው መጽሐፍ ይሻላል?

ልጅ ዘጠኝ ዐሥር ዓመት ሲሞላው መጽሐፍ መምረጥ ይከብዳል። ሥዕል የበዛበትን «የሕፃን ነው» ብሎ ይመልሰዋል። የትልልቆቹን ሲሰጡት ደግሞ ሁለት ገጽ አንብቦ ያስቀምጠዋል። በዚህ ዕድሜ ብዙ ልጆችን ቁጭ አድርጎ የሚያስነብበው ምስጢር ነው። ማን ወሰደው? ለምን? የት ደበቀው?

ከምስጢር መጻሕፍት ውስጥ እኔ ለብቻው የምወደው ዘርፍ አለ። ሥዕል ይጠፋል፤ ትልልቆቹ ግራ ይጋባሉ፤ ልጆች ፍንጩን ተከትለው ይደርሱበታል። ችግሩ፣ መደርደሪያ ላይ ሲታዩ ሁሉም አንድ ዓይነት ይመስላሉ። ሽፋኑ ላይ የሥዕል ክፈፍ፣ የእጅ ባትሪ፣ የልጆች ጥላ። ጀርባው ላይ «ምስጢሩን ይፈቱት ይሆን?» የሚል ጥያቄ። ውስጣቸው ግን በጣም ይለያያል። አንዱ ለሰባት ዓመት ልጅ የሚሆን ቀልድ ነው፤ ሌላው የናዚዎችን ዘረፋ የሚያነሳ ከበድ ያለ ታሪክ ነው።

እዚህ ሰባት መጻሕፍት አወዳድራለሁ። ሁሉም በእንግሊዝኛ የተጻፉ ናቸው፤ የምመዝናቸውም በእንግሊዝኛቸው ነው። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። የማንኛቸውንም መፍትሔ አልናገርም፤ ወላጅም ቢሆን ራሱ ቢደርስበት ይሻላል።

መጀመሪያ መስፈርቶቹ

የመጀመሪያውና ለእኔ ዋናው፦ መጽሐፉ ልጁን ወደ ሥዕሉ ይወስደዋል ወይ? በዚህ ዘርፍ ብዙ መጻሕፍት ሥዕሉን እንደ ማንኛውም ውድ ዕቃ ነው የሚያዩት። አንድ ቀላል መፈተኛ አለኝ። ሥዕሉን አውጥታችሁ በቦታው የወርቅ ሐብል አስገቡ። ታሪኩ ምንም ካልተለወጠ፣ መጽሐፉ ስለ ሥዕል አይደለም። ጥሩው መጽሐፍ ልጁን ከገጹ አንሥቶ ሥዕሉን እንዲፈልግ ያደርገዋል። «እስቲ ስልክሽን ስጪኝ፣ ይቺን ሴትዮ ልያት» ሲል፣ ያኔ መጽሐፉ ሥራውን ሠርቷል።

ሁለተኛው፦ ፍንጩ ለአንባቢውም ይሰጣል ወይ? መርማሪው ብቻ የሚያውቀው ነገር ካለና መጨረሻ ላይ ከኪሱ ካወጣው፣ ልጅ እንደ መታለል ይቆጥረዋል። ልክ ነው።

ሦስተኛው የእንግሊዝኛው ክብደት ነው። የገጽ ብዛት ብቻውን አይነግራችሁም። ሜሪላንድ የተወለደች ልጅ ሳይሰማት የምታልፈው የአነጋገር ዘይቤ፣ አዲስ አበባ እንግሊዝኛን በትምህርት ቤት የሚማረውን ልጅ ሊያቆመው ይችላል።

አራተኛው፦ «ማን ሰረቀ?» ከሚለው አልፎ «የማን ነው?» ብሎ ይጠይቃል ወይ? ለምን ይህን እንደ መስፈርት እንደያዝኩት ኋላ ላይ ግልጽ ይሆናል።

አምስተኛው ለቤት የሚሆን ነው። ከቤት መጥፋት፣ ለትልቅ ሰው መዋሸት፣ እገታ፣ ጦርነት በመጽሐፉ ውስጥ አለ ወይ? ለመከልከል ብዬ አይደለም። ልጁ ሲጠይቅ ወላጅ አስቀድሞ ቢያውቅ ጥሩ ስለሆነ ነው።

ሽልማት መስፈርት አላደረግሁም። ከሰባቱ የተሸለሙ አሉ፤ እጠቅሳቸዋለሁ። ግን ሽልማቱን የሚሰጡት ትልልቅ ሰዎች ናቸው።

ለጀማሪው፦ ኔት ዘ ግሬት

ማርጆሪ ዌይንማን ሻርማት በ1972 ያወጣችው ነው። ኔት ፓንኬክ የሚወድ፣ ራሱን በቁም ነገር የሚያይ ትንሽ መርማሪ ነው። ጎረቤቱ አኒ የውሻዋን ሥዕል ሥላ ጠፋባት፤ እሱ ይፈልጋል። በቃ፣ ታሪኩ ይኸው ነው።

ሙዚየም የለም፣ ሚሊዮን ዶላር የለም። ግን መፈተኛዬን በደንብ ያልፋል። መልሱ ቀለም ላይ ስለሆነ፣ በሥዕሉ ፋንታ ሐብል ብታስገቡ ታሪኩ ይፈርሳል። ፍንጩ በሙሉ ለአንባቢው ክፍት ነው። የስድስትና የሰባት ዓመት ልጅ ከኔት ቀድሞ ሊደርስበት ይችላል፤ ሲደርስበት የሚያሳየው ደስታ ለሚቀጥሉት መጻሕፍት በር ይከፍታል። ዓረፍተ ነገሮቹ በጣም አጫጭር ስለሆኑ እንግሊዝኛ ለሚጀምር ልጅም ይሆናል። ዐሥር ዓመት ለሞላው ልጅ ግን አትስጡት፤ ቅር ይለዋል።

ጢንዚዛው ሠዓሊ፦ ማስተርፒስ

የኤሊስ ብሮች መጽሐፍ ነው፤ 2008። ማርቪን የሚባል ጢንዚዛ ኒው ዮርክ አንድ አፓርታማ ውስጥ ከቤተሰቡ ጋር ይኖራል። የቤቱ ልጅ ጄምስ ዐሥራ አንድ ዓመት ሲሞላው አባቱ የቀለምና የብዕር ስጦታ ይሰጠዋል። ማርቪን ሌሊት እግሩን ቀለም ውስጥ ነክሮ ይሥላል። ጠዋት ሁሉም ሰው ሥዕሉን የጄምስ ያደርገዋል። ከዚያ በኋላ ጉዳዩ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም፣ የጀርመናዊው ሠዓሊ የአልብሬክት ዱረር ሥዕሎችና የሥዕል ሌቦች ድረስ ይሄዳል።

እዚህ ያለው ምርመራ መካከለኛ ነው። የመጽሐፉ ጉልበት ሌላ ቦታ ነው፦ የራስህ ባልሆነ ሥራ ስትመሰገን ምን ታደርጋለህ? ጄምስ ይህን ተሸክሞ ነው የሚዞረው። ለስምንትና ለዘጠኝ ዓመት ልጅ ማታ ማታ ጮክ ብሎ ለማንበብ ከሰባቱ የሚመቸው ይህ ነው። ወደ 300 ገጽ ቢሆንም ሥዕሎች አሉት፤ ምዕራፎቹም ቶሎ ያልፋሉ። የሚያስፈራ ነገር እምብዛም የለበትም።

ከቤት የጠፉት ወንድምና እህት፦ ፍሮም ዘ ሚክስድ አፕ ፋይልስ ኦፍ ሚሲስ ቤዚል ኢ. ፍራንክዋይለር

ስሙ ረጅም ነው፤ መጽሐፉ ግን 160 ገጽ አካባቢ ነው። ኢ. ኤል. ኮኒግስበርግ በ1967 ጻፈችው፤ በ1968 ኒውበሪ ሜዳሊያ የተባለውን የአሜሪካ የልጆች መጽሐፍ ሽልማት አገኘ። ክላውዲያ በቤት ሥራ መብዛትና በእኩል አለመታየት ተናድዳ ከቤት ለመጥፋት ትወስናለች። ገንዘብ የሚያጠራቅመውን ታናሽ ወንድሟን ጄሚን ትመርጥና ይዛው ትሄዳለች። የሚጠፉት ወደ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ነው። ሌሊት ዘበኞችን ተደብቀው በድሮ ዘመን አልጋ ላይ ይተኛሉ፤ ቀን ከተማሪ ጉብኝት ጋር ተቀላቅለው ይማራሉ።

በትክክል ካየነው እዚህ የተሰረቀ ሥዕል የለም። ሙዚየሙ በ225 ዶላር ብቻ የገዛው የመልአክ ሐውልት አለ፤ ጥያቄው «የሚካኤል አንጄሎ ሥራ ነው ወይስ አይደለም?» የሚል ነው። ቢሆንም እዚህ ዝርዝር ውስጥ ያስገባሁት የዘርፉ አያት ስለሆነ ነው። ልጆች ሙዚየም ውስጥ ሲመራመሩ የሚያሳዩ የኋላ መጻሕፍት ብዙ ከእሱ ወስደዋል።

ወላጅ ሁለት ነገር ይወቅ። አንደኛ፣ ከቤት መጥፋቱ እንደ ጀብዱ ነው የቀረበው፤ ወላጆቹ ምን ያህል እንደሚጨነቁ መጽሐፉ ብዙ አያሳይም። ከልጃችሁ ጋር ብታወሩበት ይጠቅማል። ሁለተኛ፣ የ1960ዎቹ እንግሊዝኛ ነው። ገጹ ትንሽ ቢሆንም ቋንቋው ኋላ ከምናየው ከጄምስ ፖንቲ የ2016 መጽሐፍ ይከብዳል። የወንድምና የእህት ንትርኩ ግን ዛሬም እንዳለ ነው። እርስ በርስ የማይስማሙ ሁለት ልጆች ካሏችሁ ይህን አንብቡላቸው።

ከሁሉ የምወደው፦ ቼዚንግ ቬርሜር

የብሉ ባሌት መጽሐፍ ነው፤ በ2004 ወጣ፤ በ2005 ምርጥ የልጆች የምስጢር መጽሐፍ ተብሎ የኤድጋር ሽልማት አገኘ። ቦታው ቺካጎ፣ ሃይድ ፓርክ ነው። ፔትራና ካልደር የአንድ ክፍል ተማሪዎች ናቸው። ደራሲዋ ራሷ ባስተማረችበት፣ በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ሥር ባለው ትምህርት ቤት ይማራሉ። የኔዘርላንዳዊው ሠዓሊ የቬርሜር «የምትጽፍ ሴት» የተባለው ሥዕል ከዋሽንግተን ወደ ቺካጎ ሲሄድ መንገድ ላይ ይጠፋል።

እስከዚህ ድረስ የተለመደ ነው። ልዩ የሚያደርገው ሌባው ነው። ገንዘብ አይጠይቅም። በጋዜጣ ለሕዝብ ይጽፋል፦ የቬርሜር ናቸው ከሚባሉት ሥዕሎች አንዳንዶቹ የእሱ አይደሉም፤ ሄዳችሁ በዓይናችሁ እዩና ፍረዱ ይላል። በዚህ ምክንያት የመጽሐፉ ልጆች፣ የመጽሐፉ ከተማ፣ በመጨረሻም አንባቢው ሥዕሎቹን ማየት ይጀምራሉ። በሥዕሉ ፋንታ ሐብል አስገቡና ሞክሩት፤ አንድ ገጽ እንኳ አይሄድም።

ይህ ሐሳብ ከምንም የተፈጠረ አይደለም። ቬርሜር በ1632 ተወልዶ በ1675 የሞተ የዴልፍት ሰው ነው። ስለ ሕይወቱ የምናውቀው ጥቂት ነው፤ የቀሩት ሥዕሎቹም 35 አካባቢ ብቻ ናቸው። የትኛው የእሱ ነው፣ የትኛው አይደለም የሚለው ክርክር ዛሬም አላለቀም። ዋሽንግተን ያለው ናሽናል ጋለሪ ኦፍ አርት በጥቅምት 2022 «ዋሽንት የያዘች ልጅ» የተባለው ሥዕሉ የቬርሜር እጅ ሥራ አይደለም ብሎ አስታወቀ። መጽሐፉ ከወጣ ከ18 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። «የምትጽፍ ሴት» የምትገኘውም እዚያው ሙዚየም ነው። ይህን ለአንድ የዐሥራ አንድ ዓመት ልጅ ንገሩትና ፊቱን እዩት።

ሌላም አለው። ካልደር ፔንቶሚኖ በሚባሉ፣ ከአምስት አምስት ካሬ በተሠሩ 12 ቅርጾች ይጫወታል። በእነሱ የተጻፉ የምስጢር ደብዳቤዎች አሉ፤ ልጁ ራሱ ይፈታቸዋል። በብሬት ሄልክዊስት ሥዕሎች ውስጥ ደግሞ የተደበቀ መልእክት አለ። ፔንቶሚኖውን መግዛት አያስፈልግም፤ ከሒሳብ ደብተር ካሬ ወረቀት ላይ ተቆርጦ ይሠራል።

ድክመቱን አልደብቅም። ብዙ ነገር በአጋጣሚ ይገጣጠማል፤ ፔትራም ከሥዕሏ ሴትዮ ጋር የምትነጋገር ያህል ሕልም ታያለች። ደራሲዋ አውቃ ያደረገችው ነው፤ አጋጣሚ ትርጉም አለው ወይስ የለውም የሚለው የመጽሐፉ አንድ ጥያቄ ነው። ሁሉም ነገር በማስረጃ ብቻ እንዲፈታ የሚፈልግ ልጅ ግን መጨረሻው ላይ ቅሬታ ሊሰማው ይችላል። በሁለተኛው መስፈርቴ ሙሉ ነጥብ የማልሰጠው ለዚህ ነው። በመጀመሪያው መስፈርት ግን የሚደርስበት የለም።

ቶሎ የሚነበበው፦ ፍሬምድ! (ጄምስ ፖንቲ)

በ2016 የወጣ ነው። ፍሎሪያን ቤትስ የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነው፤ ወደ ዋሽንግተን ገና መምጣቱ ነው። እናቱ ናሽናል ጋለሪ ውስጥ ሥዕል ታድሳለች፤ አባቱ የሙዚየም ጥበቃ ሲስተም ይነድፋል። ፍሎሪያን ትንንሽ ነገሮች ተደማምረው እውነቱን ያሳያሉ የሚል የራሱ ዘዴ አለው፤ ጓደኛውን ማርጋሬትንም ያስተምራታል። ከዚያ የአሜሪካ የወንጀል ምርመራ ቢሮ፣ ኤፍቢአይ፣ ይመጣል።

ፍንጭ በመስጠት ረገድ ከሰባቱ አንደኛው ይህ ነው። ደራሲው ዘዴውን ደረጃ በደረጃ ያሳያል። ልጆች ምግብ ቤት ገብተው ሰው ማየት፣ ጫማውን፣ እጁን፣ የያዘውን ዕቃ ማስተዋል ይጀምራሉ። ቋንቋው ዘመናዊና ቀጥተኛ ስለሆነ አዲስ አበባ ለሚያነብ ልጅም አይከብድም። ሥዕሉ ግን ጎልቶ አይወጣም። ሐብል ብታስገቡበት ታሪኩ ብዙም አይናጋም። እገታና የወንበዴ ቡድንም አለበት፤ ደም የሚያስፈስስ ባይሆንም ፈሪ ልጅን ያስጨንቃል። ከወደደው ቀጣዩ ክፍል «ቫኒሽድ!» አለ፤ በ2018 ኤድጋር ያገኘው እሱ ነው።

ስሙ የሚያምታታው፦ ፍሬምድ (ፍራንክ ኮትሬል ቦይስ)

እባካችሁ ስትገዙ የደራሲውን ስም እዩ። ሁለቱን የሚለያቸው የቃለ አጋኖ ምልክት ብቻ ነው፤ ኦንላይን ስታዙ አንዱ በሌላው ፋንታ ሊመጣ ይችላል።

ይህኛው በ2005 እንግሊዝ የወጣ ነው። ዲላን ዌልስ ውስጥ ማኖድ በምትባል ግራጫ መንደር ይኖራል። የአባቱ ጋራዥ ሊከስር ነው። ለንደን በጎርፍ ስትጥለቀለቅ የለንደኑ ናሽናል ጋለሪ ሥዕሎች ተጭነው እዚያ ተራራ ውስጥ ይደበቃሉ። ሥዕሎቹ አንድ በአንድ ለመንደሩ ሰው ሲታዩ፣ ሰዉ መለወጥ ይጀምራል። የዲላን ቤተሰብ ደግሞ ሌላ ሐሳብ ያስባል። እዚህ መጽሐፍ ውስጥ ለስርቆቱ የሚያሤሩት ልጆቹ ራሳቸው ናቸው።

ከጀርባው እውነተኛ ታሪክ አለ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የናሽናል ጋለሪን ሥዕሎች ወደ ካናዳ ለመላክ ታስቦ ነበር። ቸርችል አንድም ሥዕል ከደሴቷ እንዳይወጣ ብሎ ከለከለ። በ1941 ሥዕሎቹ ማኖድ ወዳለ የድንጋይ ካባ ተወሰዱ፤ እስከ ጦርነቱ ማብቂያ ዋሻው ውስጥ ቆዩ።

በጣም ያስቃል፤ ልብም ይነካል። ቀልዱ ግን የእንግሊዝ አገር ቀልድ ነው። ለንደንና በርሚንግሃም ላሉ ልጆች እመክረዋለሁ። ለሌላው፣ ከወላጅ ወይም ከታላቅ ወንድም ጋር ቢነበብ ይሻላል።

«የማን ነው?» የሚለው፦ አንደር ዚ ኤግ

የላውራ ማርክስ ፊትዝጀራልድ መጽሐፍ፣ 2014። ቲኦ ዐሥራ ሦስት ዓመቷ ነው። ኒው ዮርክ ግሪኒች ቪሌጅ ውስጥ፣ ሊፈርስ በደረሰ አሮጌ ቤት፣ ከራሷ ዓለም ከማትወጣ እናቷ ጋር ትኖራለች። ያሳደጓት አያቷ በድንገት ሞቱ። ጥለውላት የሄዱት 463 ዶላርና «ከእንቁላሉ ሥር» የሚል ፍንጭ ነው። አያት ሠዓሊ ነበሩ፤ ቤቱ ውስጥ የእንቁላል ሥዕል ተሰቅሏል። አንድ ቀን አልኮል ይደፋበታል። ቀለሙ ሲለቅ ከሥሩ ሌላ፣ በጣም የቆየ ሥዕል ብቅ ይላል። አያት ደግሞ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ዘበኛ ነበሩ። ታዲያ ሰርቀውት ይሆን?

ይህ መጽሐፍ ልጅን ሥዕል እንዴት እንደሚመረመር ያስተምራል። ማን ሣለው? በምን ዘመን? ቀለሙ፣ እንጨቱ፣ የፊቱ አሣሣል ምን ይላል? በጣሊያናዊው ሠዓሊ በራፋኤል ነው የሚጀምረው፤ ከዚያ ግን ወደ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ ናዚዎች ከአይሁድ ቤተሰቦች ወደዘረፏቸው ሥዕሎች፣ እነሱን ለማስመለስ ወደተላኩት ወታደሮች ይሄዳል። ስለ እልቂቱም ይነገራል። በጭካኔ አይተረክም፤ ግን ልጁ ይጠይቃል። ከዐሥር ዓመት በታች አልሰጥም።

ድህነቱም እውነት ነው። ቲኦ ምግብ ከጓሮ ታመርታለች፤ ዶሮ ትጠብቃለች፤ ሳንቲም ትቆጥራለች። እንደዚህ ዓይነት ልጅ በእነዚህ መጻሕፍት ብዙ አትገኝም።

ለእኛ ልጆች ይህን የምመርጥበት ሌላም ምክንያት አለኝ። መጽሐፉ የሚያነሳው ጥያቄ በእኛ ታሪክ መቅደላ ነው። በ1868 የእንግሊዝ ጦር ዐፄ ቴዎድሮስ ከሞቱ በኋላ የመቅደላን ንብረት ዘርፎ፣ በ15 ዝሆኖችና ወደ 200 በሚጠጉ በቅሎዎች ጭኖ ወሰደ። ከተወሰዱት አንዱ ኵርዓተ ርእሱ ነው፤ የእሾህ አክሊል የደፋ የክርስቶስ ሥዕል። የወሰደው ከጦሩ ጋር የመጣው የብሪቲሽ ሙዚየም ባለሙያ ሪቻርድ ሆልምስ ሲሆን፣ ለሙዚየሙ ሳያስረክብ ለራሱ አስቀረው። ሥዕሉ በኋላ በጨረታ ተሸጦ ፖርቱጋል ገባ። 11 ታቦታትም ዛሬ ድረስ ብሪቲሽ ሙዚየም ውስጥ፣ ማንም እንዳያያቸው ተደርጎ ተቀምጠዋል። በ1997 ከላሊበላ የተሰረቀው አፍሮ አይገባ መስቀል ግን ቤልጂየም ተገኝቶ ተመልሷል።

«አንደር ዚ ኤግ»ን የጨረሰ ልጅ ይህን ሲሰማ የሚጠይቀውን አስቡት። ማን ወሰደው? አሁን ማን ጋር ነው? ወረቀቱ ምን ይላል? የገዛው ሰውስ ያውቅ ነበር? እነዚህ የመርማሪ ጥያቄዎች ናቸው፤ መጽሐፉ አስተምሮታል። ወላጅ ስለ መቅደላ ንግግር ከሚያደርግለት፣ እንደዚህ ራሱ ጠይቆ ቢደርስበት ይበልጥ ይገባዋል ብዬ አምናለሁ።

«ግን እውነት ነው?» ለሚል ልጅ፦ ዘ ሞና ሊሳ ቫኒሽስ

ልብ ወለድ አይደለም። ኒኮላስ ዴይ በ2023 ያወጣው እውነተኛ ታሪክ ነው፤ በ2024 ለልጆች ልብ ወለድ ላልሆኑ መጻሕፍት የሚሰጠውን የሲበርት ሜዳሊያ አግኝቷል። ነሐሴ 21 ቀን 1911 ሞና ሊሳ ከፓሪሱ ሉቭር ሙዚየም ጠፋች። ሰዉ ተሰልፎ ባዶውን ግድግዳ ለማየት መጣ። ፒካሶ ሳይቀር ተጠየቀ። የወሰዳት ሉቭር ውስጥ ሠርቶ የነበረው ጣሊያናዊ ቪንቼንዞ ፔሩጃ ነው፤ ከሁለት ዓመት በላይ ካስቀመጣት በኋላ በታኅሣሥ 1913 ፍሎረንስ ላይ ተያዘ። ለዐሥራ አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ ይሆናል። ልብ ወለድ የማይወድ ልጅ ካላችሁ በዚህ ጀምሩ።

በአንድ እይታ

| መጽሐፍ | ዕድሜ | ርዝመት | ወደ ሥዕሉ ይወስዳል? | ፍንጭ | እንግሊዝኛው | ወላጅ ይወቅ |
|---|---|---|---|---|---|---|
| ኔት ዘ ግሬት | 6–8 | በጣም አጭር | አዎ | ሙሉ በሙሉ ክፍት | በጣም ቀላል | ምንም |
| ማስተርፒስ | 8–10 | ወደ 300 ገጽ | አዎ | መካከለኛ | መካከለኛ | የሌላን ሥራ የራስ ማድረግ |
| ሚክስድ አፕ ፋይልስ | 9–12 | ወደ 160 ገጽ | አዎ (ሐውልት) | ጥሩ | የቆየ፣ ከበድ ያለ | ከቤት መጥፋት |
| ቼዚንግ ቬርሜር | 9–12 | ወደ 250 ገጽ | ከሁሉ በላይ | አጋጣሚ ይበዛል | መካከለኛ | ሕልምና አጋጣሚ |
| ፍሬምድ! (ፖንቲ) | 9–13 | ወደ 300 ገጽ | ጥቂት | ከሁሉ የተሻለ | ቀላል፣ ፈጣን | እገታ |
| ፍሬምድ (ኮትሬል ቦይስ) | 9–12 | ወደ 300 ገጽ | አዎ | ትኩረቱ አይደለም | የእንግሊዝ ቀልድ | ልጆች ስርቆት ያሤራሉ |
| አንደር ዚ ኤግ | 10–14 | ወደ 250 ገጽ | በጣም | ጥሩ | መካከለኛ | ናዚ፣ እልቂት፣ ድህነት |

ሞና ሊሳን ሠንጠረዡ ውስጥ አላስገባሁም፤ እውነተኛ ታሪክን በልብ ወለድ መስፈርት መመዘን አይሆንም።

ለማን የቱ?

ማንበብ አልወድም የሚል ልጅ ካላችሁ የፖንቲን ስጡት። በሥዕል ደረጃ ደካማ ነው ብያለሁ፤ ግን መጀመሪያ ያንብብ። ሁለተኛው መጽሐፍ ቬርሜር ይሁን።

ሒሳብና እንቆቅልሽ የምትወድ ልጅ በቀጥታ ቬርሜርን ትጀምር። ሥዕል የምትሥል ልጅ ዕድሜዋ ከፈቀደ «አንደር ዚ ኤግ»፣ ካልፈቀደ «ማስተርፒስ» ይሁንላት።

ዐሥራ አንድ ዓመቱ ሆኖ እንግሊዝኛው ገና ላልጠነከረ ልጅ «ኔት»ን መስጠት ያሳፍረዋል። «ማስተርፒስ» ይሻለዋል። የኮኒግስበርግን ግን ለጊዜው አቆዩት።

እናንተ እንግሊዝኛ ማንበብ ቢከብዳችሁ አትተዉት። ልጁ አንድ ምዕራፍ ያንብብና በአማርኛ ይንገራችሁ። «ማንን ጠረጠርክ? ለምን?» በሉት። የምስጢር መጽሐፍ ለዚህ ይመቻል፤ ልጁ ለመከራከር ሲል ቃሉን ፈልጎ ያመጣል። ውጭ ለሚያድጉ ልጆች ከብዙ የቤት ውስጥ የአማርኛ ትምህርት ይህ የበለጠ ይሠራል።

ስለ ወጪው

አሜሪካና እንግሊዝ ያላችሁ መጀመሪያ የሰፈር ቤተ መጻሕፍት ጠይቁ። ከሌላቸው ከሌላ ቅርንጫፍ ያስመጡላችኋል። በቤተ መጻሕፍት ካርዳችሁ «ሊቢ» የሚባለው አፕ ላይ በድምፅም በጽሑፍም በነፃ ማግኘት ይቻላል። አዲስ ስትገዙ ለስላሳ ሽፋን ያለው አሜሪካ ውስጥ 10 ዶላር አካባቢ ነው። አንድ ብቻ ለመግዛት ከሆነ ቬርሜርን ግዙ፤ የምስጢር ደብዳቤዎቹን ለመፍታትና ሥዕሎቹን ለመፈተሽ ልጁ ተመልሶ ይከፍተዋል። ሌሎቹን ተዋሱ።

አዲስ አበባ ያላችሁ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካለ ለስላሳ ሽፋን ያለውን አስመጡ፤ ሻንጣ ላይ ክብደት አይጨምርም። አሮጌ መጻሕፍት ሻጮች ጋር የመገኘት ዕድሉ የበለጠ የሚመስለኝ ለብዙ ዓመታት ሲታተሙ የቆዩት «ኔት»ና «ሚክስድ አፕ ፋይልስ» ናቸው። ሥዕሎቹን ለማየት ደግሞ ስልክ ይበቃል። ዋሽንግተን ያለው ናሽናል ጋለሪ በድረ ገጹ ላይ የሥዕሎቹን ትልልቅ ምስሎች በነፃ ያስወርዳል፤ «የምትጽፍ ሴት»ም አለችበት።

ሙዚየም ለመሄድ ለምትችሉ፦ ዋሽንግተንና ለንደን ያሉት ሁለቱም ናሽናል ጋለሪዎች መግቢያ አያስከፍሉም። ሜትሮፖሊታን ከ12 ዓመት በታች ለሆኑ ልጆች ነፃ ነው፤ የኒው ዮርክ ነዋሪ የሆነ ትልቅ ሰው የቻለውን ይከፍላል። ከመሄዳችሁ በፊት ሥዕሉ ተሰቅሎ እንደሆነ ድረ ገጹ ላይ አረጋግጡ፤ የቬርሜር ሥዕሎች ለሌሎች ሙዚየሞች በውሰት ይሄዳሉ።